የእንደራሴዎች ዘመን ሥዕልና በአሜሪካ ጥበብ ታሪክ ያለው ስፍራ

የአሜሪካን የሥዕል ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ትረካቸውን ሲጀምሩ ከቦስተን ይነሡ ነበር። ጆን ስማይበርት የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ በ1729 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በዚያች የወደብ ከተማ ተቀምጦ የነጋዴዎችንና የሰባክያንን መልክ መሣል ስለ ጀመረ፣ የአዲሱ ዓለም ሥዕል ልደት ያን ጊዜ ነው ተብሎ በመጻሕፍት ሰፈረ። ነገር ግን ስማይበርት በቦስተን ብሩሹን ባነሣበት ዓመት፣ በሜክሲኮ ከተማ የሠዓልያን ማኅበር በሕግና በሥርዓት ከቆመ 172 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በአንዲስ ተራሮች ላይ ባለችው በኩስኮም ከአገሬው የተወለዱ ሠዓልያን የካቴድራሉን ግድግዳ በሥዕል ካለበሱ አንድ ሙሉ ትውልድ አልፎ ነበር። እንግዲህ የአሜሪካ ሥዕል መቼና በማን እጅ ተጀመረ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እውነተኛው መልስ፣ የእስፓኝ ንጉሥ እንደራሴዎች አዲሱን ዓለም በሚገዙበት ዘመን፣ ባሕር ተሻግረው ከመጡት ጠቢባን ጋራ በአገሬው ተወላጆች፣ በክልሶችና ከባርነት ነፃ በወጡ ጥቁሮች ልጆች እጅ ተጀመረ የሚል ነው።

የአዝቴኮች መዲና ቴኖችቲትላን በ1521 በኤርናን ኮርቴስ ሠራዊት እጅ ወድቃ መቅደሶቿ ከፈረሱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፔድሮ ዴ ጋንቴ የሚባል የፍላንደርስ ተወላጅ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ወደ ሜክሲኮ ገባ። ይህ ሰው ማዕረገ ክህነት ሳይቀበል በተራ መነኩሴነት ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሲሆን፣ በቅዱስ ፍራንሲስ ገዳም አጠገብ በቅዱስ ዮሴፍ ስም ለተወላጆች ልጆች ትምህርት ቤት አቁሞ ንባብን፣ ዜማን፣ ጥልፍን፣ የእንጨት ቅርጽንና ሥዕልን አስተማረ። ደቀ መዛሙርቱ ግን ሥዕልን ከባዶ የጀመሩ አልነበሩም፤ ትላኩይሎ የተባሉት አባቶቻቸው በአጋዘን ቆዳና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ወረቀት ላይ የነገሥታትን የትውልድ ሐረግ፣ የግብርን መዝገብ፣ የበዓላትን ባሕረ ሐሳብ በቀለም ሲጽፉ የኖሩ ጸሐፍትም ሠዓልያንም ነበሩ። የድሮው እምነት መጻሕፍት በእሳት ሲቃጠሉ ያየ ልጅ፣ አባቱ የጣዖቱን መልክ በሣለበት እጅ የአምላክን እናት ሥዕል እንዲሥል ታዘዘ፤ የእንደራሴዎች ዘመን ሥዕል ከዚህ ኀዘንና ከዚህ ተስፋ መካከል ተወለደ።

ከጋንቴ ጥበቃ ሥር ወጥቶ እስከ ዘመናችን የደረሰው ድንቅ ሥራ በ1539 የተፈጸመው የቅዱስ ጎርጎርዮስ ቅዳሴ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጎርጎርዮስ ሲቀድስ ክርስቶስ ከነሕማማቱ ምልክቶች በመንበሩ ላይ ሲገለጥለት የሚያሳየው ይህ ሥዕል በቀለም የተሣለ አይደለም፤ አማንቴካ የሚባሉት የላባ ጠቢባን ከሐሩር አገር አዕዋፍ የተለቀመውን ላባ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እያነባበሩ ያጣበቁት ነው። ድርሰቱ ከአውሮፓ በመጣ የኅትመት ሥዕል ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሰማያዊው መደብ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ማንም የአውሮፓ ሠዓሊ በዘይት ቀለም ሊያወጣው ያልቻለውን ጸዳል ይሰጣል። በዙሪያው በላቲን የተጻፈው ቃል ሥራው በታላቂቱ የሜክሲኮ ከተማ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ እንደ ተሠራ፣ አገረ ገዥውም ዶን ዲዬጎ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ዶን ዲዬጎ ማለት የአዝቴኮች ንጉሥ የነበረው የሞክቴዙማ የወንድም ልጅ ኡዋኒትሲን ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በ1537 ይኸው ጳውሎስ ሣልሳዊ፣ የአዲሱ ዓለም ሕዝቦች እምነትን ለመቀበል የሚችሉ ፍጹማን ሰዎች ስለሆኑ ነፃነታቸውና ገንዘባቸው ሊወሰድባቸው አይገባም ብሎ አውጆ ነበርና፣ ይህ የላባ ሥዕል ከምስጋናም በላይ ሰው ነን ለሚል ሕዝብ የቀረበ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የሚገኘው በደቡብ ፈረንሳይ ኦሽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

የሜክሲኮ ምእመናን በ1531 እመቤታችን ሁዋን ዲዬጎ ለሚባል ድኻ ተወላጅ ተገልጻ መልኳ በመጎናጸፊያው ላይ ያለ ሰው እጅ እንደ ታተመ ያምናሉ፤ ይህችም የጓዳሉፔ ማርያም ትባላለች። በ1556 ግን የፍራንሲስካውያን አለቃ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ቡስታማንቴ በስብከቱ መካከል ሥዕሏን የሣላት ማርኮስ የሚባል ተወላጅ ሠዓሊ ነው ብሎ ስለ ተናገረ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ክርክሩን ለነገረ መለኮት ሊቃውንት ልተወውና፣ የታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የሚያተርፈው ነገር አለ፤ ጋንቴ ትምህርት ቤቱን ካቆመ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ አንድ ሰባኪ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ እንደዚያ ያለ ሥዕል ሊሥል የሚችል የአገሬው ሰው በስም አለ ለማለት ችሎ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1557 የሜክሲኮ ከተማ ሹማምንት የሠዓልያንን ማኅበር ሥርዓት አጽድቀው፣ በሊቃውንት ፊት ተፈትኖ ያላለፈ ሰው የሥዕል ሱቅ እንዳይከፍት ደነገጉ።

ያን ጊዜ የአውሮፓ ሠዓልያን ራሳቸው ዕድል ፍለጋ መሻገር ጀምረው ነበር። ከእነርሱ ዝነኛው የአንትወርፕ ተወላጅ ሲሞን ፔሬይንስ በ1566 ከእንደራሴው ከጋስቶን ዴ ፔራልታ ጋራ መጥቶ፣ ሁለት ዓመት እንደ ተቀመጠ ለአንደበቱ ልጓም ስላላበጀለት በሃይማኖት መርማሪዎች እጅ ወደቀ። ከቅዱሳን ሥዕል ይልቅ የሰው መልክ መሣል እወዳለሁ ማለቱ እንኳ ከክሱ አንዱ ሆኖ ተጻፈ። የተፈረደበት ቅጣት በገንዘቡ ለእመቤታችን ሥዕል እንዲሥል ነበር፤ ይኸው ሰው በ1586 የኡዌሆትሲንጎን ገዳም ታላቅ የመንበር ሥዕሎች ሠርቶ ስሙን ጽፎባቸዋል፤ እነዚያም እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ።

ከሰዎቹ ይልቅ ግን ባሕር የተሻገረው ወረቀት የበለጠ ሥራ ሠራ። በአንትወርፕ የመዳብ ሰሌዳ እየተቀረጸ የሚታተመው ሥዕል ዋጋው ርካሽ፣ ሸክሙ ቀላል ስለ ነበረ፣ በመርከብ ተጭኖ ቬራክሩዝና ሊማ ከገባ በኋላ በበቅሎ ጀርባ እስከ ተራሮቹ ጫፍ ይወጣ ነበር። የኋላ ዘመን ተቺዎች ይህን ይዘው የእንደራሴዎችን ዘመን ሥዕል የቅጅ ቅጅ ነው ብለው ናቁት። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ይህን ነቀፋ በቀላሉ ልንቀበለው አይገባንም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከአባቶቹ የተረከበውን አብነት ተከትሎ መሣሉ ጥበቡን እንደማያሳንሰው ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ሁለቱን ምድሮች አንዲት ሥዕል እንኳ ታገናኛቸዋለች። በሮም በታላቂቱ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችውንና ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት የሚባልላትን ሥዕል፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ፍራንሲስኮ ቦርጃ በ1569 እንድትገለበጥ ፈቃድ አግኝቶ ቅጆቿን በየተልእኮው አገር ስለ ላከ፣ አንዷ ወደ ሜክሲኮ ስትገባ ሌላዪቱ ወደ ኢትዮጵያ ገባች። ኢየሱሳውያኑ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገራችን ሲባረሩ ሥዕሏ ቀርታ ለጎንደር ሠዓልያን አብነት ሆነች፤ የጎንደሯ ማርያም ግን የጎንደር ናት እንጂ የሮም አይደለችም፤ የሜክሲኮዪቱም እንደዚሁ።

በደቡብ በኩል ደግሞ ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ቤርናርዶ ቢቲ በ1575 ሊማ ደርሶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1610 ድረስ ከሊማ እስከ ኩስኮ፣ ከኩስኮ እስከ ቲቲካካ ሐይቅ ዳርቻ እየዞረ፣ ረዘም ያለ አንገትና የጨረቃ ብርሃን የመሰለ ፊት ያላቸውን ቅዱሳን ሣለ። በኪቶም ፍራንሲስካውያንና ዶሚኒካውያን መነኮሳት ለተወላጆች ልጆች ትምህርት ከፈቱ፤ ከዚያ ትምህርት ከበቀሉት መካከል አንድሬስ ሳንቼስ ጋልኬ የሚባለው ተወላጅ በ1599 የሣለው አንድ ሥዕል፣ በእኔ ግምት፣ ስለዚህ ዘመን ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት የበለጠ ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ኢኳዶር በሚባለው አገር በኤስሜራልዳስ የባሕር ዳርቻ፣ መርከብ ሲሰበር ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን ከአገሬው ሕዝብ ጋራ ተጋብተው፣ የእስፓኝ ጦር በዱርና በረግረግ ሊደርስባቸው ሳይችል ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። በመጨረሻ በሰላም ስምምነት ለንጉሡ ማደራቸውን ሲያስታውቁ፣ አለቃቸው ዶን ፍራንሲስኮ ዴ አሮቤ ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ኪቶ መጣ፤ የኪቶው ዳኛ ሁዋን ዴል ባሪዮ ዴ ሴፑልቬዳም መልካቸው ተሥሎ ለንጉሥ ፊልጶስ ሣልሳዊ እንዲላክ አዘዘ። በሥዕሉ ላይ የ56 ዓመቱ አባት በመካከል፣ የ22 ዓመቱ ፔድሮና የ18 ዓመቱ ዶሚንጎ በግራና በቀኝ ቆመዋል። የለበሱት ሐር ነው፤ በአንገታቸው እንደ እስፓኝ መኳንንት የተነባበረ ነጭ የዳንቴል ክፈፍ፣ በአፍንጫቸውና በጆሮአቸው እንደ አገራቸው ልማድ ወርቅ፣ በእጃቸው ጦር አለ። ከእያንዳንዳቸው ራስ አጠገብ ስማቸው ዶን ከሚለው ማዕረግ ጋራ ተጽፏል። አሳላፊ ወይም አገልጋይ ሆነው ከጌታ ኋላ የሚሣሉ ጥቁሮች በአውሮፓ ሥዕል ብዙ ናቸው፤ እነዚህ ግን የተመልካቹን ዓይን በቀጥታ የሚያዩ ሹማምንት ናቸው። ይህ ሥዕል በደቡብ አሜሪካ ከተሣሉት ውስጥ የሠዓሊው ስምና ዘመኑ ተጽፎበት የተገኘ ቀዳሚው የመልክ ሥዕል ነው፤ ሣዩ የአገሬው ተወላጅ፣ ተሣዮቹ የአፍሪካውያን ዘሮች፣ ተቀባዩ የእስፓኝ ንጉሥ። አሁን በማድሪድ በአሜሪካ ሙዚየም ይገኛል።

በ17ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ግማሽ የሜክሲኮና የሊማ አድባራት ዓይን ገና ወደ ሴቪል ነበር፤ በዚያ የነበረው የሠዓሊው የዙርባራን የሥዕል ቤት ቅዱሳት ደናግልና የገዳም አባቶች የተሣሉባቸውን ሸራዎች እያሸገ ወደ አዲሱ ዓለም ይልክ ነበር። የመቶ ዘመኑ ሁለተኛ ግማሽ ሲደርስ ግን የአገሩ ልጆች ተራቸውን ወሰዱ። ከ1684 እስከ 1691 የሜክሲኮ ካቴድራል የንዋየ ቅድሳት ቤት ግድግዳ ለሁለት ሰዎች ተሰጠ፤ አንዱ ክሪስቶባል ዴ ቪያልፓንዶ፣ ሌላው ሁዋን ኮሬያ ነው። የኮሬያ አባት ከካዲስ የመጣ ሐኪም፣ እናቱ ፓስኩዋላ ዴ ሳንቶዮ ነፃ የወጣች ጥቁር ሴት ነበረች፤ የእርሷም ልጅ በእስፓኝ ግዛት ከነበሩት ታላላቅ አድባራት በአንዱ የእመቤታችንን የሰማይ ንግሥና ሣለ። ቪያልፓንዶ ደግሞ በ1683 ለፑዌብላ ካቴድራል ቁመቱ ከ8 ሜትር የሚበልጥ ሸራ ሠርቶ፣ ከታች ሙሴ የናስ እባብን በምድረ በዳ ሲሰቅል፣ ከላይ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ አሳየ፤ ብሉይና ሐዲስ በአንድ ሸራ ተያያዙ። በሥዕሉ ላይ ስሙን ሲጽፍ ሣልሁት ብሎ ብቻ አላበቃም፤ የድርሰቱ ፈልሳፊ እኔ ነኝ የሚል ቃል ጨመረበት። የቅጅ ቅጅ ለሚሉት ተቺዎች መልሱን አስቀድሞ ጽፎላቸው ነበር።

መጋቢት 31 ቀን 1650 ኩስኮ በምድር መናወጥ ፈረሰች። አብያተ ክርስቲያናቱን እንደገና ለመሥራት ብዙ እጅ አስፈለገ፤ ከ1673 እስከ 1699 የከተማዪቱ ጳጳስ የነበረው ማኑኤል ዴ ሞዪኔዶም ለጥበብ እጁን የዘረጋ ሰው ስለ ነበረ፣ የአገሬው ሠዓልያን ስም ያን ጊዜ ገነነ። ከእነርሱ ዲዬጎ ኪስፔ ቲቶ በፍላንደርስ የኅትመት ሥዕሎች ላይ ተመሥርቶ ሲሥል የኋላውን ገጠር በሚያማምሩ አዕዋፍና በረጃጅም ዛፎች ሞላው፤ ባሲሊዮ ሳንታ ክሩስ ፑማካያዎ የካቴድራሉን ታላላቅ ሸራዎች ሣለ። በዚሁ ዘመን ለቅድስት ሐና ደብር የተሣሉት የቅዱስ ቁርባን በዓል ሥዕሎች ከተረፉት 16ቱ ውስጥ 12ቱ በኩስኮ፣ 4ቱ በቺሌ መዲና ይገኛሉ። በእነርሱ ላይ ጳጳሱ፣ ሹማምንቱ፣ ጥቁሩ፣ ክልሱ፣ በመስኮት የሚመለከቱ ወይዛዝርት፣ ሁሉ በየማዕረጉ ይታያል፤ ከታቦተ ቅዱሳኑ ፊት ፊት ግን የኢንካ ዘር የሆኑት ባላባቶች የነገሥታት አባቶቻቸውን ልብስ ለብሰው፣ የዘውድ ምልክት የሆነውን ቀይ ጉንጉን ይዘው ይሄዳሉ። በሥዕሉ የምናያቸው ያጌጡ ሠረገላዎች በኩስኮ አደባባይ የተነዱ አልነበሩም፤ በቫሌንሲያ ስለ ተደረገ በዓል ከታተመ መጽሐፍ ላይ የተወሰዱ ናቸው። ሠዓሊው የባሕር ማዶውን ሠረገላ ወስዶ የራሱን ሰዎች ፊት፣ የራሱን መሳፍንት ልብስ አኖረበት፤ ተሸናፊው ሕዝብ በአሸናፊው በዓል መካከል ነገሥታት እንደ ነበሩት አስመሰከረ።

በ1688 በእስፓኞችና በተወላጆች ሠዓልያን መካከል ጠብ ተነሥቶ ተወላጆቹ ከማኅበሩ ተለዩ። ከዚያ ወዲያ የሊቃውንት ፈተና ስለ ቀረላቸው እንደ ገዛ ዓይናቸው ውበት ሣሉ፤ የርቀት ሕግና የጥላ ብልሃት ብዙም ሳያስጨንቃቸው የእመቤታችንን ልብስ እንደ ተራራ ሰፋ አድርገው በወርቅ ጥልፍ ነቀሡት። ከቲቲካካ ሐይቅ ወዲያ በካላማርካ ደብር ያሉት መላእክትማ በሌላ በየትኛውም ምድር አይገኙም፤ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ባለ ዳንቴልና ባለ ወርቅ ካባ ሆነው ነፍጥ ተሸክመው፣ አንዱ ባሩድ ሲያጎርስ ሌላው ሲያነጣጥር ይታያሉ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በስም የምታከብረው ሚካኤልን፣ ገብርኤልንና ሩፋኤልን ብቻ ሲሆን፣ የአንዲስ ሠዓልያን ግን ዑራኤልንና ሌሎችንም በየስማቸው ሣሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ጠብቆ ላኖረ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የኩስኮ ሥዕል በበቅሎ እየተጫነ እስከ ፖቶሲ፣ እስከ ቺሌና እስከ አርጀንቲና ይሸጥ ነበር።

ስለ ሌሎቹ ከተሞች በአጭሩ ልለፍ። በኪቶ ሚጌል ዴ ሳንትያጎ በ1656 የቅዱስ አውግስጢኖስን ገድል ለገዳሙ ሲሥል፣ ልጁ ኢሳቤልም የአባቷን ጥበብ ወርሳ ሠዓሊት ሆነች፤ በቦጎታ ግሬጎሪዮ ቫስኬስ ነበረ፤ የብር ተራራ ባላት በፖቶሲም ሜልቾር ፔሬስ ኦልጊን በ1716 እንደራሴው ሞርሲዮ ሲገባ ከተማው በምንጣፍና በሥዕል እንዴት እንዳጌጠ አንድም ነገር ሳያስቀር አስፍሮታል። ለፔሩ ጥቁሮች ደግሞ ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የምትባለው ቅድስት ኤፊጌንያ እናታቸው ሆነች፤ ቀርሜሎሳውያን መነኮሳት ከእርሷ ጋራ ንጉሣችንን ካሌብን ኤሌስባን ብለው የማኅበራቸው ቅዱሳን አድርገው ስላስፋፉ፣ በአትላንቲክ ማዶ የተሸጡ አፍሪካውያን ዘሮች በኢትዮጵያ ስም ይማጸኑ ነበር። ከሊማ በስተደቡብ በካኜቴ የኤፊጌንያ በዓል እስከ ዛሬ ይከበራል።

የ18ኛው መቶ ዘመን ሜክሲኮ ታላቅ ስም ሚጌል ካብሬራ ነው። የኦአካካ ተወላጅ የሆነው ይህ ሰው የሊቀ ጳጳሱ ሠዓሊ ሆኖ ሲያገለግል፣ በ1751 የጓዳሉፔን ማርያም ሥዕል ከባልንጀሮቹ ጋራ እንዲመረምር ተጠርቶ ያየውን በ1756 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የሜክሲኮ ሠዓሊ ስለ ሥዕል የጻፈው መጽሐፍ ከነገረ ቅዱሳን ጋራ የጥበብን ክብርም የሚከላከል ነበር። በሜክሲኮ ከሁሉ የላቀች ባለቅኔ የነበረችውን መነኩሲት ሶር ሁዋናን በመጻሕፍቷ መካከል ተቀምጣ የሚያሳየው ሥዕልም የእርሱ ነው።

በዚያው ዘመን ካስታ የሚባለው የሥዕል ዓይነት ተስፋፋ። አባትና እናት ከልጃቸው ጋራ በአንድ ሸራ ይሣሉና፣ ከእስፓኛዊና ከተወላጅ ሴት ክልስ ይወለዳል፣ ከእስፓኛዊና ከጥቁር ሴት ሌላው ይወለዳል እየተባለ እስከ 16 ደረጃ ይቈጠራል። ከመቶ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ተከታታይ ሥዕሎች መኖራቸው ታውቋል። ሰውን በደሙ የሚመድብ ይህ አሳብ ጨካኝ ነው፤ አላባብለውም። ነገር ግን ካብሬራ በ1763 የሣላቸውን ስናይ ብሩሹ ከመዝገቡ ይልቅ ሩኅሩኅ ሆኖ እናገኘዋለን፤ አባት ልጁን አቅፎ፣ እናት ጥለት ያለው ነጠላዋን ሰብስባ፣ በገበያው ሸቀጥና በፍራፍሬው መካከል እርስ በርሳቸው የሚዋደዱ ሰዎች አሉበት። በዚያው በ1763 ገደማ በቦስተን ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ የሚባለው ወጣት ሠዓሊ አንዲትን ወይዘሮ ሲሥል፣ አቀማመጧንና ልብሷን ከእንግሊዛዊው ሬይኖልድስ የኅትመት ሥዕል ላይ ገልብጦ ፊቷን ብቻ ቀየረ። ኮፕሊ ስለዚህ አልተናቀም፤ ከአሜሪካ ሥዕል ታላላቆች አንዱ ተባለ እንጂ። የኩስኮና የኪቶ ሠዓልያን ያንኑ ስላደረጉ ቀጂዎች መባላቸው ፍርደ ገምድልነት ነው።

በኩስኮ ማርኮስ ሳፓታ በ1753 ለካቴድራሉ ጸሎተ ሐሙስን ሲሥል በጌታ ገበታ ላይ ኩይ የሚባለውን ተራራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያረባውን ትንሽ እንስሳ ጠብሶ አቀረበ፤ ለሕዝቡ የታረደው በግ በሚያውቀው ምግብ ተመሰለለት። ግን የኢንካዎች መታሰቢያ በሥዕል መኖሩ ለገዥዎቹ የሚያስፈራበት ቀን ደረሰ። በ1780 ቱፓክ አማሩ በሚል የንጉሥ ስም የተነሣው ዓመፅ በማግሥቱ ዓመት በደም ከታፈነ በኋላ፣ ዳኛው አሬቼ የኢንካ ነገሥታት ሥዕል ከየቤቱና ከየደብሩ እንዲወገድ አዘዘ። አንድ መንግሥት ሥዕልን ይህን ያህል መፍራቱ፣ ሥዕሉ ምን ያህል ሕያው እንደ ነበረ ያሳያል። በ1785 በሜክሲኮ የንጉሡ የሳን ካርሎስ አካዳሚ በይፋ ሲከፈት ደግሞ ከአውሮፓ የመጡ መምህራን የግሪክና የሮም መልክ ብቻ ትክክል ነው ብለው ስላስተማሩ፣ በወርቅ የተለበጡ የድሮ የመንበር ሥራዎች ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተነቅለው ነጭ እብነ በረድ የሚመስል ተተካ።

ዛሬ የዩናይትድ ስቴትስ ባንዲራ በሚውለበለብባቸው ምድሮችም ይኸው ጥበብ ነበረ። በሳን ሁዋን ዴ ፖርቶ ሪኮ ሆሴ ካምፔቼ፣ በገንዘቡ ራሱን ከባርነት የተቤዠ ሰው ልጅ፣ ከ1751 እስከ 1809 በኖረበት ዘመን ጳጳሳትንና አገረ ገዥዎችን ሣለ፤ በኒው ኦርሊንስ የዩካታኑ ሳላሳር እስከ 1802 ድረስ የከተማውን ባላባቶች መልክ አስቀረ። በኒው ሜክሲኮ በ1680 የፑዌብሎ ሕዝቦች ተነሥተው አብያተ ክርስቲያናቱን ካቃጠሉ በኋላ ሥዕል እንደገና ተጀመረ፤ ከሜክሲኮ የሚመጣው ሸቀጥ በዓመት አንዴ ስለሚደርስ፣ ሳንቴሮ የተባሉት የገጠር ሠዓልያን የጥድ ሳንቃ ጠርበው፣ በጂፕስ ዱቄት ለስነው፣ ከአፈርና ከቅጠል በነጠሩት ቀለም ቅዱሳንን ሣሉ። ስማቸውን ከምናውቃቸው ፔድሮ ፍሬስኪስ በ1749 የተወለደ ነው፤ ስማቸው ያልታወቁት ይበልጣሉ። የእነርሱ ቅዱሳን ዓይናቸው ሰፊ፣ መስመራቸው ቈራጥ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል የለመደ ሰው እንግድነት አይሰማውም። ምድሪቱ በ1848 ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ከዞረች በኋላ ከፈረንሳይ የመጡ ካህናት ይህን ሥራ እንደ ሻካራ ነገር አይተው በፋብሪካ በተሠራ የጂፕስ ምስል አስለወጡት፤ ብዙው ሳንቃ ወደ ጓዳ ተጣለ።

በዩናይትድ ስቴትስ የእንደራሴዎቹን ዘመን ሥዕል ቀድመው ከሰበሰቡት አንዱ ሮበርት ላምቦርን የሚባል የባቡር ሐዲድ ሰው ነበረ፤ በሜክሲኮ ከሚፈርሱ ገዳማት የሚወጡ ሸራዎችን ገዝቶ በ1891 ስለ ሜክሲኮ ሠዓልያን መጽሐፍ ጻፈ፤ ስብስቡም ለፊላደልፊያ ሙዚየም ተረፈ። በ1925 በሳንታ ፌ የእስፓኝ ቅኝ ዘመን ጥበብ ማኅበር ተቋቁሞ የሳንቴሮዎቹን ሥራ ከጓዳ ማውጣት ጀመረ፤ በ1940 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሃያ የሜክሲኮ መቶ ዘመናትን በአንድ ላይ አሳየ፤ በማግሥቱ የብሩክሊን ሙዚየም ከደቡብ አሜሪካ ብዙ ሥራ ገዛ። በ2006 ፊላደልፊያ፣ በ2017ና በ2018 ሜክሲኮ ከተማ፣ ሎስ አንጀለስና ኒው ዮርክ ያዘጋጇቸው ትርኢቶች የሠዓልያኑን ስም ለዓለም አስተዋወቁ። ካብሬራ በ1763 ከሣላቸው 16 ሥዕሎች ጠፍቶ የኖረ አንዱ በካሊፎርኒያ በአንድ ቤት ከሶፋ ሥር ተጠቅልሎ ስለ ተገኘ፣ የሎስ አንጀለስ የጥበብ ሙዚየም በ2014 ወሰደው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በብዙ ሙዚየሞች የእንደራሴዎቹ ዘመን ሥዕል ከአሜሪካ አዳራሽ ውጭ፣ የላቲን አሜሪካ በሚባል ሌላ ክፍል ይሰቀላል፤ የኮፕሊ ሥዕል ግን የኩስኮና የሜክሲኮ ሥዕል ከተጀመረ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሣለ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ክፍል ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት ሊለወጥ ይገባዋል፤ አህጉሩ አንድ፣ ስሙም አንድ ነውና የሥዕሉ ታሪክ ከላባው ቅዳሴ ከ1539 መጀመር ይኖርበታል። በዴንቨርና በሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ በከተሞቻችሁ ያሉት ሙዚየሞች ከዚህ ጥበብ ታላላቅ ስብስቦች አሏቸው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና የኩስኮን ማርያም ከቤተ ክርስቲያናችሁ ማርያም ጋራ፣ የአንዲስን ዑራኤል ከእናንተው ዑራኤል ጋራ አስተያዩአቸው።